«ይሄ ያው ነው?» — የእናቴ የደም ግፊት ክኒንና ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ

እናቴ የምትኖረው ጎረቤላ ነው። ለማታውቁት፣ ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከደጋው ጫፍ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ጭጋጉ ገለጥ ባለ ቁጥር የአፋር ቆላ ከሩቅ ይታያችኋል።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ሎሳርታን የሚባል ክኒን በየጠዋቱ ትውጣለች። እዚያ ሲጠፋ ደብረ ብርሃን ድረስ ትመጣለች። መንገድ ተዘግቶ መምጣት ካልቻለች ደግሞ ያው በሽታ ካለባት ጎረቤቷ ትበደራለች። አዎ፣ እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ክኒን ይበደራሉ።

ባለፈው ስትመጣ አብሬያት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ አንድ ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደች። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ባዶ ማሸጊያ ፈትታ አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው። የድሮው ነጭ ክብ ነው፤ አዲሱ አረንጓዴ ሞላላ።

«ልጄ፣ ይሄ ያው ነው?»

«ያው ነው እናቴ። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ካምፓኒው ነው የተለየው። አይስጉ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ? ኬሚስትሪ አይደል የተማርከው?»

«ያው ነው እማ» አልኳት።

ዋሸኋት ማለት አይደለም፤ ምናልባትም እውነት ተናግሬያለሁ። ነገር ግን አላውቅም ነበር። ባለሙያዋም አታውቅም፤ ልታውቅበት የምትችልበት መንገድም የላትም። ሁለታችንም ያመንነው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው፤ ስለ መድኃኒት ዋጋና ስለ መድኃኒት እጥረት በየቀኑ እናወራለን። መድኃኒቱ ውስጥ ምን እንዳለና ያንን ማን እንደሚያይልን ግን አናወራም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ደግሞ የመድኃኒቱን በሽታ ደብቀን ተቀምጠናል።

ትንሽ ኬሚስትሪ ልነግራችሁ ነው። እንዳትሸሹ፤ ከልጆች ጨዋታ የከበደ አይደለም።

*ቀለበቷ*

ሎሳርታን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች። አምስት አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሯት ክብ ናት፤ አራቱ ናይትሮጅን፣ አንዱ ካርቦን። ስሟ ቴትራዞል ይባላል። ቫልሳርታን፣ ካንደሳርታንና ኢርቤሳርታን በሚባሉት ወንድሞቹ ውስጥም ይህችው ቀለበት አለች።

ሰውነታችን ውስጥ አንጂዮቴንሲን የሚባል መልእክተኛ አለ። ሥራው የደም ሥርን «ጥበብ» ብሎ ማዘዝ ነው። ትእዛዙን የሚያደርሰው የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ካለ አንድ ተቀባይ ጋር ተገናኝቶ ነው፤ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። ሎሳርታን ቀድሞ ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል። መልእክተኛው ሲመጣ በሩ ተይዟል፤ የደም ሥሩም ሳይጠብ ይቀራል። መድኃኒቱን የሠሩት ተመራማሪዎች በመጀመሪያ በቀለበቷ ቦታ አንድ ተራ የአሲድ ቁራጭ ነበራቸው። መርፌ ሲሆን ይሠራል፣ በአፍ ሲዋጥ ግን ወደ ደም በደንብ አይገባም። ያንን ቁራጭ አውጥተው ቴትራዞልን ሲተኩበት የሚዋጥ ክኒን ተገኘ። ሎሳርታን እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ከዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ነበር።

ታዲያ ቀለበቷ እንዴት ትሠራለች? አዛይድ የሚባል ነገር አለ፤ ሦስት ናይትሮጅኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው። ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ የዳርና የዳሩ እጆች ግን ባዶ ሆነው አስቡ። በሌላ በኩል ሁለት ልጆች አጥብቀው ተያይዘው ቆመዋል፤ አንዱ ካርቦን፣ አንዱ ናይትሮጅን። ሦስቱ ወደ ሁለቱ ይሄዳሉ፣ የዳሮቹ እጆች ይያያዛሉ፣ አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ሦስትና ሁለት አምስት። ኬሚስቶች ዳይፖላር ሳይክሎአዲሽን የሚሉት ረጅም ስም ያለው ነገር በመሠረቱ ይሄው ነው።

ሁለቱ ልጆች ሁለቱም ካርቦን ከሆኑ ደግሞ የምትሠራው ቀለበት ሦስት ናይትሮጅን ያላት ትሪያዞል ናት። ይህን ዓይነቱን ምላሽ አጥንቶ ሕጉን ያወጣው ጀርመናዊው ሮልፍ ሁይስገን ነው፤ ሙኒክ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 አረፈ፤ ኖቤልን ሳያገኝ። በሁለት ዓመቱ፣ በ2022፣ የኬሚስትሪ ኖቤል እሱ በከፈተው መንገድ ለሄዱ ሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለባሪ ሻርፕለስ፣ ለሞርተን ሜልዳልና ለካሮሊን በርቶዚ። ሜልዳልና ሻርፕለስ፣ አንዱ ዴንማርክ አንዱ አሜሪካ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ትንሽ መዳብ ጠብ ሲደረግበት ምላሹ በፍጥነትና ያለ ስህተት እንደሚሄድ ለየብቻ አሳዩ። ሻርፕለስ ከጃኬት ላይ ቁልፍ ጋር ሊመሳሰል የሚችል ነገር ነበር የሚፈልገው፤ ጫን ስታደርገው ጠቅ ብሎ የሚገጥም። ስሙም ከዚያ መጣ፤ «ጠቅ ኬሚስትሪ» ልንለው እንችላለን። በርቶዚ ደግሞ መርዛማውን መዳብ አስቀርታ ሕይወት ባለው ሴል ውስጥ እንዲሠራ አደረገችው።

ከሁሉ የምወደው የሜልዳል ነገር ነው። እሱና ባልደረባው የሚፈልጉት ሌላ ምላሽ ነበር። ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ባልታሰበው ጫፉ፣ በአዛይዱ በኩል፣ ተያያዘና ያልጠበቁት ቀለበት ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተበላሸ» ብሎ ይደፋው ነበር። እነሱ ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ማየት የሚችሉበት መሣሪያም፣ የሚያዩትን የሚያነብ ዓይንም ነበራቸው።

ይህን ያዙልኝ። ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያስገባን እሱ ነው።

*የተረፈው አዛይድ*

አዛይድ ክፉ ጠባይ አለው። ሶዲየም አዛይድ የመኪና ኤርባግን ለዓመታት በቅጽበት ሲነፋ የኖረ ነገር ነው። ለሰው ኃይለኛ መርዝ ነው። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማም ፈንጂም የሆነ ጋዝ ይወጣዋል፤ ከእርሳስና ከመዳብ ጋር ሲቆይ የሚፈነዳ ጨው ይሠራል። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ቀለበቷ ከተሠራች በኋላ የተረፈው አዛይድ መጥፋት አለበት። የሚያጠፋው ደግሞ ናይትራይት የሚባል ሌላ የናይትሮጅን ጨው ነው፤ በአሲድ ውስጥ ሲጨመር አዛይዱን አፍርሶ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው፤ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አንድ ነገር ይፋ አደረገ። ዠጂያንግ ሁዋሃይ የሚባል የቻይና ፋብሪካ የሠራው ቫልሳርታን ውስጥ ኤንዲኤምኤ ተገኘ፤ ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የተመደበ ኬሚካል። ከዚህ ፋብሪካ ዱቄት የተሠሩ ክኒኖች በብዙ አገር ከመደርደሪያ ወረዱ። ጉዳዩ ወደ ሎሳርታንና ወደ ኢርቤሳርታን፣ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተሻገረ።

እንዴት ገባ? ፋብሪካው ከዓመታት በፊት አሠራሩን ቀይሮ ነበር፤ ብዙ ምርት በትንሽ ወጪ እንዲገኝ። ለአዲሱ አሠራር ዲኤምኤፍ የሚባል ማሟሚያ ተጠቀመ። ማሟሚያው ውስጥ በጥቂቱ ሌላ ነገር፣ ዳይሜቲልአሚን፣ አለ። የተረፈውን አዛይድ ለማጥፋት ናይትራይቱ ሲጨመር መድኃኒቱ ገና እዚያው ድስት ውስጥ ነበር። ናይትራይቱ አዛይዱን አጠፋ፤ በዚያው ግን ከዳይሜቲልአሚኑ ጋር ተገናኝቶ ኤንዲኤምኤን ፈጠረ። አንዱን መርዝ ለማጥፋት የተጨመረው ነገር ሌላ መርዝ ወለደ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህ መድኃኒት ለዓመታት ተመርምሮ አልፏል። ንጽሕናው ተለክቷል፣ ማህተም ተመቶበታል፣ አሜሪካና አውሮፓ ገብቷል። ምርመራው አላየውም፤ ምክንያቱም ኤንዲኤምኤን እንዲፈልግ ማንም አልነገረውም። መሣሪያ የሚያገኘው ፈልግ የተባለውን ነው። «ይህንን ማሟሚያ፣ ያንን ናይትራይት አንድ ላይ ካደረግን ምን ይወለዳል?» ብሎ መጠየቅ የመሣሪያ ሥራ አይደለም። ምላሹን በእጁ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ለሚደነግጥ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ያወጣው ስሌት፣ 8,000 ሰው ከፍተኛውን መጠን፣ 320 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ ለአራት ዓመት ቢወስድ በዕድሜ ዘመናቸው ከወትሮው በላይ አንድ የካንሰር ሕመምተኛ ሊጨምር ይችላል የሚል ነበር። ደም ግፊትን ያለ መድኃኒት መተው ግን ስትሮክ ነው፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ነው። ያኔም ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግመው ያሉት «ሌላ ሳትተኩ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ» ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ክኒኑን የሚጥል ሰው ካለ በድዬዋለሁ።

*እኛ ጋስ?*

እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። ይህ የከተማ ሰው በሽታ ብቻ አይደለም፤ የእናቴ ጎረቤቶች ምስክር ናቸው።

የምንወስደው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። እዚሁ የሚሠራውም ቢሆን ዱቄቱ ከውጭ መጥቶ እዚህ የሚጠፈጠፍ ነው። ቀለበቷን የሚሠራልን ሌላ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የኛ ሰው፤ ይህችኛዋ ቀለበት ግን ጌጥ አይደለችም፣ ደም ሥራችን ውስጥ የምትገባ ናት።

የአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ 1112 ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ይመዘግባል፣ ይመረምራል፣ ያግዳል። ሥራውን አላቃልልም። ግን አንድ ባለሥልጣን አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ በሸዋ ሮቢት ሙቀት መጋዘን ውስጥ የከረመውን፣ በመሐል ሜዳ በኩል በአህያ የሄደውን፣ መንገድ ተዘግቶ በምን እንደገባ የማይታወቀውን ሁሉ ያያል ማለት ዘበት ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ሁኔታ የማያውቅ የለም። መደበኛው መንገድ ሲዘጋ መደበኛ ያልሆነው ይከፈታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አስመጪው ሁሉ ርካሹን ይፈልጋል። ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። የሁዋሃይ ታሪክ የሚነግረን ግን አሠራር የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ወጪ ለመቀነስ እንደሆነና፣ በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «አሁንስ ምን ይወለዳል?» ማለት እንዳለበት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ካናዳ የተለያዩ ድርጅቶችን ሎሳርታን፣ ቫልሳርታንና ኢርቤሳርታን እንደገና ከገበያ አስወጣች። በዚህኛው ጊዜ ጥፋተኛው ከዚያው ከአዛይድ የተወለደ ሌላ ቆሻሻ ነበር። እንግዲህ ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ አደጋ አይደለም። ካናዳ ያገኘችው ስለፈለገች ነው። ያልፈለገ አገር አያገኝም፤ ያላገኘ አገር ደግሞ «እኛ ጋ ችግር የለም» ይላል።

*በሰሌዳ ላይ የተማርነው ምላሽ*

ስለ ራሴ ልናገር። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቤት አይደለምና። የአዛይድን ምላሽ የተማርኩት በሰሌዳ ላይ ነው። መምህራችን ጎበዝ ነበር። ቀስቶቹን በሦስት ቀለም ጠመኔ ይሥላል፤ እኛም ለፈተና በቃላችን እናወርዳለን። ሦስትና ሁለት አምስት። ፈተናው ላይ ሙሉ አገኘሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ አንድ ቀለበት በእጄ ሠርቼ፣ ከተረፈው ለይቼ፣ «በእርግጥ እሷ ናት ወይ?» ብዬ አላየሁም። ቤተ ሙከራው ነበር። ኬሚካል ሲኖር ውሃ ይጠፋል፣ ውሃ ሲኖር መብራት ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲኖሩ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ መለዋወጫው ታዝዟል።

ለዚህ ነው እናቴ ስትጠይቀኝ የማላውቀው። ዲግሪ አለኝ፤ ዓይን ግን የለኝም።

እኔ ብቻ ብሆን ምንም አልነበረም። በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው በኬሚስትሪ የሚመረቁ ልጆቻችን ብዙዎቹ እንደኔ ናቸው። የኢትዮጵያ ኬሚስቶችን ጽሑፎች ብታነቡ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፤ የተገኘው ነገር መዋቅር የተረጋገጠው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው 400 ሜጋ ኸርትዝ የኤን.ኤም.አር መሣሪያ ነው የሚል። ከየክልሉ ናሙና ተይዞ ወደዚያ ይጓዛል። የቀረው ወደ ውጭ ይላካል። ተራ ይጠበቃል።

*አክሊሉ ለማ የከፈሉት ዋጋ*

ማየት አለመቻል ምን እንደሚያስከፍል ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባ ሕዝብ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከመታጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ልመና ነው። እንዶዱ መሥራቱን አሳዩ። የተጠየቁት ግን «ማን ቤተ ሙከራ ውስጥ? በየትኛው ደረጃ?» ነበር። እዚህ የተሠራው ምርመራ አልታመነም፤ ያንኑ ነገር የውጭ ቤተ ሙከራ እንዲደግመው ገንዘብና ዓመታት ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ብዙ ጊዜ ባክኗል።

ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያነሡት ስለ ፈረንጅ ንቀት ለመናገር ነው። ንቀቱ ነበር፣ አልክድም። እኔ የምወስደው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ የራሱ የታመነ ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው ሲያገኝም አይታመንም፣ ሲመረዝም አይሰማም። ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው።

*አንኮበርና መድኃኒት*

እ.ኤ.አ. በ1841 ሻምበል ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሐኪሙ ከዶክተር ኪርክ ጋር አንኮበር ገባ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከጠመንጃው ጎን ለጎን አጥብቀው የሚፈልጉት መድኃኒት እንደነበር ሃሪስ ጽፎ አስቀርቷል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ደግሞ ከእኛ አንድ መድኃኒት ይፈልግ ነበር፤ ኮሶን። ለኮሶ ትል የሚወሰድ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቷል። እነሱ ግን ኮሶውን ወስደው አልተኙም። ውስጡ ያለው ምንድን ነው ብለው ፈተሹ፤ ቆይተውም የተሻለ ሠሩ። ዛሬ አንኮበር ላይ ያለ ልጅ ሆዱን ሲያመው የሚሰጠው አልቤንዳዞል የራሱ የናይትሮጅን ቀለበት ያለው የፋብሪካ ሥራ ነው። ያቺኛዋ ቀለበት በአዛይድ አይደለም የምትሠራው፤ ግን እሷንም እኛ አልሠራናትም።

ኮሶን አላሞካሽም። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋ ነበር፤ ሰውም ገድሏል። ግን አያቴ ኮሶ ስትጠጣ ዛፉን ታውቀዋለች፣ ያደረቀውን እጅ ታውቀዋለች፣ በምን ያህል እንደተለካ ታውቃለች። እናቴ ከካርቶኑ በስተጀርባ ማን እንዳለ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ከ180 ዓመት በላይ አለፈ፤ አንኮበር ዛሬም መድኃኒቱን ከእንግዳ ይጠብቃል።

*«በዚህ ጊዜ?»*

የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ሰው እየተፈናቀለ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ያለ ወገን የሚበላው እያጣ፣ አንተ ስለ ናይትሮጅን ቀለበት ታወራለህ?» የሚል። ጥያቄው ከባድ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፤ በመጠለያ ያለችው እናትም ደም ግፊት አለባት። እሷ ናት የመጨረሻውን ርካሽ፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን፣ ማን እንደለገሰው የማይታወቀውን ክኒን የምትውጠው። ጥራት የሀብታም ጉዳይ አይደለም። ሀብታሙ ከውጭ ያስመጣል። ጥራትን ቁጥጥር የሚያስፈልገው ምርጫ ለሌለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጸጥታ ነው። «አዛይድ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ አሁን ባለንበት ሁኔታ ማን ያስገባል?» ይባላል። ይሄኛው ትክክል ነው። እኔም በየግቢው ሶዲየም አዛይድ ይታደል አልልም። መዳብ ቧንቧ ላይ የሚደፋ፣ ከአሲድ ጋር የሚቀላቅል ጀማሪ ተማሪ እጅ ውስጥ መግባት የለበትም። ጥቂት ሰዎች፣ በአንድ ቦታ፣ በጥብቅ መዝገብ ይሠልጥኑበት። ለመመርመር ደግሞ አዛይድ አያስፈልግም፤ አዛይድን የሚያውቅ ሰውና የሚለይ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው «ፋብሪካ እንትከል፣ ዱቄቱን ራሳችን እንሥራ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሥር ዓመት የመድኃኒት ማምረቻ ስትራቴጂም፣ ቂሊንጦ ላይ የተገነባው የመድኃኒት ፓርክም ይህን ምኞት ይዘዋል። ደስ ይለኛል። ግን ቅደም ተከተሉን እንዳንስት። ሁዋሃይ ፋብሪካ አልነበረውም? ነበረው፤ ያውም ግዙፍ። የጎደለው ጥያቄው ነበር። መመርመር የማይችል አገር ፋብሪካ ቢተክል የሚያመርተው መድኃኒት ይሁን ሌላ የሚያውቀው ሌላ ነው።

*የምለው*

የምለው ትንሽ ነው፤ ለበጀትም አይከብድም።

ደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካ አላት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስም አላት። ከተማዋ አዲስ አበባን ከወሎ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት። እዚህ አንድ የመድኃኒት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ይቋቋም። ብዙ አይፈልግም፤ ንጥረ ነገሮችን የሚለያይ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ የሚባል መሣሪያ፣ በጥቃቅን መጠን ያለን ቆሻሻ የሚይዝ ሌላ አንድ መሣሪያ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የመለዋወጫ በጀት። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ መሣሪያ ገዝቶ መለዋወጫ መርሳት ልማዳችን ነውና።

ሥራው ይህ ይሁን። በየሦስት ወሩ ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከመሐል ሜዳ መድኃኒት ቤቶች ናሙና ይገዛ፤ እንደ ማንኛውም በሽተኛ፣ ሳይነገር። በቅድሚያ በየቀኑ የሚወሰዱት ይታዩ፤ የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ። በየቀኑ የሚዋጥ ነገር ውስጥ ያለ ጥቂት ቆሻሻ ነው በዓመታት የሚጠራቀመው። ውጤቱ ለባለሥልጣኑ ይሂድ፣ ለሕዝብም በግልጽ ይነገር። የኬሚስትሪና የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ ሳይመረቅ በፊት አንድ የገበያ ክኒን ፈጭቶ፣ አሟሙቶ፣ ውስጡ ያለውን በራሱ ዓይን አይቶ ይውጣ። የሰሌዳውን ቀስት የሚረሳው ሊኖር ይችላል፤ ይህን ግን አይረሳውም።

ይህ ሲሆን ባለሙያዋ «አይስጉ» ስትል የምትናገርበት ነገር ይኖራታል።

እናቴ በማግስቱ ወደ ጎረቤላ ስትመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሬያት ቆምኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ካርቶኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። የድሮውን ባዶ ማሸጊያም አልጣለችውም።

«ምን ያደርግልሻል እሱ?» አልኳት።

«ለሚቀጥለው ጊዜ ነዋ» አለችኝ። «አምጥቼ እጠይቃለሁ።»

ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በየወሩ ናሙና ይዛ እየመጣች ትጠይቃለች። የተማርነው ነን ያላየነው።